የአባ ጅፋር አገር በእንግሊዝኛ ምን ይባል?

ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሊጎበኝ የመጣ የውጭ አገር ሰው፣ ከመምጣቱ በፊት ስለዚያ መንግሥት ሁለት ሦስት ጽሑፍ አገላብጦ ከሆነ፣ ያነበበው ስለ አንድ አገር መሆኑን ለማመን ይቸገራል። አንዱ ጸሐፊ «ኪንግደም ኦቭ ጅማ» ይለዋል። ሌላው «ጅማ አባ ጅፋር» ይላል። የቆዩት መጻሕፍት «ጅማ ካካ» ይሉታል፤ የእስልምናን ታሪክ የሚከታተለው «ሰልጣኔት» ማለት ይቀናዋል፤ የቸኮለው ደግሞ ከአራቱ ጎረቤቶቹ ጋር ጠቅልሎ «ጊቤ ስቴትስ» ብሎ ያልፈዋል።

በአማርኛ ስናወራ ይህ ችግር የለብንም። «የአባ ጅፋር አገር» ካልን የጅማም፣ የአዲስ አበባም፣ የጎንደርም ሰው ይገባዋል። በኦሮምኛም «ጅማ አባ ጅፋር» ብሎ ማቆም ይበቃል። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ መንግሥቱ ምን ዓይነት ነበር፣ ስሙ የትኛው ነው፣ በምን ፊደል ይጻፍ ብሎ ሦስቴ ያስመርጣል። ምርጫው የታሪክ ምሁራን ብቻ ጉዳይ ነው የሚል ካለ፣ የመመረቂያ ጽሑፏን በእንግሊዝኛ የምታዘጋጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪን ይጠይቃት። ርዕሷ ላይ «ጅማ» ብቻ ብትል ከተማው ነው፣ ዞኑ ነው፣ መንግሥቱ ነው የሚለውን መመለስ ይኖርባታል። አስጎብኚውም፣ የሙዚየም መግለጫ የሚጽፈው ባለሙያም፣ የሆቴል በራሪ ወረቀት የሚያሳትመው ነጋዴም ከዚሁ ጥያቄ አያመልጡም። (ነገሩ ከውጭ መጻሕፍት ጋር ስለሚያያዝ፣ ካልገለጽኩ በስተቀር ዘመኖቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ስሙን ከመምረጣችን በፊት የሚሰየመውን እንወቀው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ላይ በጊቤ ወንዝ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ተነሡ፤ ሊሙ እናሪያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ። ጅማ ዘግይቶ የጠነከረው ነው። በሂርማታ አካባቢ ጉልበት ያገኘው የአባ መጋል ቤተሰብ መሠረቱን ጣለ፤ ልጁ ቀዳማዊ አባ ጅፋር ከ1830 እስከ 1855 ነግሦ መንግሥት የሚባለውን ነገር አቆመ። ከእርሱ በኋላ አባ ረቡ፣ አባ ቦቃና አባ ጎሞል ተከታተሉ። በ1878 ዳግማዊ አባ ጅፋር ነገሡና እስከ 1932 ድረስ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ከነትርፉ፣ ስማቸው ከአገሩ ስም ጋር ተጣብቆ ኖረ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሲያረጁና ሲታመሙ ሥራውን የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር ያዘ፤ ያም አልቆየም፤ በ1932 ማዕከላዊው መንግሥት ጅማን በቀጥታ ሥሩ አደረገ።

ይህ አገር ድንበር ነበረው። ከጎረቤቶቹ የሚለየው ሰው የማይሰፍርበት «ሞጋ» የሚባል ባዶ መሬት ነበር፤ በመንገዱ ላይ ደግሞ ጠባቂ የቆመበት ኬላ አለ፤ ነጋዴው የሚገባውም የሚወጣውም በዚያው ነው። ቤተ መንግሥቱ ጅሬን ላይ ተቀመጠ፤ ገበያው ታች ሂርማታ ዋለ። የሐሙሱ የሂርማታ ገበያ ቡናውን፣ የዝባዱን ቅባት፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ማሩን፣ ሰውንም ጭምር ይሸጥ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ደብቆ ስለዚያ ዘመን ማውራት አይቻልም፤ ተካልኝ ወልደማርያም በ1984 ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ጥናቱን የሠራው በዚሁ በባርነትና በባሪያ ንግድ ላይ ነበር፤ በርዕሱ ላይ የመረጠው ስም «ኪንግደም ኦቭ ጅማ» ነው። ድንበር፣ ኬላ፣ ቤተ መንግሥት፣ ተከታታይ ነገሥታትና ግብር ያለውን አገር «ጎሳ» ወይም «አካባቢ» እያሉ የጻፉት የድሮ አውሮፓውያን እንግዲህ የመጀመሪያውን ፈተና ወድቀዋል።

ሁለተኛው ፈተና «ጅማ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ጅማ ከተማ ውስጥ ጊንጆ ጉዱሩ የሚባል ቀበሌ አለ። ጉዱሩ የሚለውን ስም ከጊቤ ማዶ ካለው ከሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ጋር ይጋራል። ወደዚያ ወደ ሆሮ ጉዱሩ ብትሻገሩ ደግሞ ጅማ ራሬና ጅማ ገነቴ የሚባሉ ወረዳዎች ይጠብቋችኋል። ምሥራቅ ወለጋ ጅማ አርጆ አለ፤ ቄለም ወለጋ ጅማ ሆሮ። ጅማ የአንድ ከተማ ስም ከመሆኑ በፊት የብዙ ወገኖች መጠሪያ ስለነበር፣ ሁሉም የየራሱን ቅጥያ ይዞ ይሄዳል፤ የራሬው፣ የአርጆው፣ የሆሮው እየተባለ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የጊቤው ጅማ ብቻ ያለ ቅጥያ «ጅማ» ይባል ማለት፣ ዛሬ ከተማው ትልቅ ስለሆነ የትናንቱንም በዛሬው ዓይን መሰየም ነው። ስለዚህ «ኪንግደም ኦቭ ጅማ» ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው እላለሁ። አንባቢው ሌላ ጅማ መኖሩን ካላወቀ አይጎዳውም፤ ካወቀ ግን የትኛው ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ቅጥያ ካስፈለገ ሁለት አለ። የመጀመሪያው ካካ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ጽሑፎችና ካርታዎች ውስጥ «ጅማ ካካ» ደጋግሞ ይገኛል፤ ከነገሥታቱ ስም ነጻ መሆኑና ከሌሎቹ ጅማዎች በግልጽ መለየቱ ያስመሰግነዋል። የታሪክ ተማሪ ሊያውቀው የሚገባ ስም ነው። ችግሩ ሕይወቱ ማለቁ ነው። ዛሬ ጅማ ከተማ ውስጥ በመርካቶም ሆነ በአጂፕ መንገድ ላይ «ጅማ ካካ» ብትሉ፣ ከሽማግሌዎችና ከታሪክ ሰዎች በቀር ስንቱ እንደሚያነሣው ራሳችሁ ሞክሩት። አገሬው የተወውን ስም በእንግሊዝኛ ማስነሣት፣ አገሬው የማያውቀውን አገር ለውጭ ሰው መሸጥ ይሆናል።

ሁለተኛው አባ ጅፋር ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሣው ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። መንግሥት በሰው ስም ይጠራል ወይ? ደግሞስ በመሃል የነገሡት ሦስቱ ምን ይባሉ? የአባ ጎሞል ዘመን «የአባ ጅፋር መንግሥት» መባሉ አባ ጎሞልን አያስቀይምም ወይ? ተቃውሞውን በሒሳብ ብቻ እንመልሰው ብንል፣ ሁለቱ አባ ጅፋሮች 25 እና 54፣ በድምሩ 79 ዓመት ነግሠዋል፤ መንግሥቱ ከ1830 እስከ 1932 የቆየው 102 ዓመት ነው። ከሩብ የማይበልጠው ብቻ ለሌሎቹ ቀረ። ከሒሳቡ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አባ ጅፋር እንደ አባ ታጠቅ፣ እንደ አባ ዳኛው፣ እንደ አባ ጠቅል የፈረስ ስም ነው። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኛው ስንል ማንም «ይህ የፈረሱ ነው» ብሎ አይከራከርም፤ የንግሥና ስም ሆኖ ይኖራል። ሁለት የአንድ ቤት ነገሥታት አንድ የፈረስ ስም ይዘው መንገሣቸው ስሙን ከአንድ ግለሰብ አንሥቶ የቤቱ፣ የዙፋኑ ስም አደረገው። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን «አባ» ሲያይ መነኩሴ እንዳይመስለው በግርጌ አንድ መስመር ማብራሪያ መጨመር ያስፈልጋል።

ይህ ስም በእንግሊዝኛ እንዲተከል ያደረገው ከሁሉ በላይ አሜሪካዊው የሥነ ሰብ አጥኚ ኸርበርት ሉዊስ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጅማ ተቀምጦ፣ የዳግማዊ አባ ጅፋርን ዘመን በዓይናቸው ያዩ አዛውንት በሕይወት እያሉ ያጠናውን በ1965 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ አሳትሟል። ንዑስ ርዕሱ «ጅማ አባ ጅፋር፣ ኢትዮጵያ፣ 1830–1932» ይላል፤ ዋናው ርዕስ ግን ያኔ የውጭ ምሁራን ኦሮሞን ይጠሩበት የነበረውን፣ ዛሬ ስድብ የሆነውን ቃል ይዞ «ንጉሣዊ መንግሥት» ይላል። መጽሐፉ በ2001 በሬድ ሲ ፕሬስ ዳግም ሲታተም ርዕሱ ተገለበጠ፤ «ጅማ አባ ጅፋር» ወደ ፊት መጣ፤ ያ ቃል ወጥቶ «ኦሮሞ» ገባ። ሁለቱን ሽፋኖች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የዚህን ጥያቄ ግማሽ መልስ እዚያው ያገኛል። በ36 ዓመት ውስጥ የሕዝቡ መጠሪያ ተለወጠ፣ የአገሩ ስም ከነቅጥያው ጸና። ንጉሣዊ መንግሥት ማለት የሆነው «ሞናርኪ»ም ጸና።

አሁን ወደ መንግሥቱ ዓይነት እንመለስ። የጅማ ገዥ በአገሩ ቋንቋ ማዕረጉ «ሞቲ» ነው፤ ንጉሥ ማለት ነው። ቀዳማዊ አባ ጅፋር እስልምናን ተቀበሉ፤ ጅማም በጊዜ ብዛት የእስልምና ትምህርት ማዕከል ሆነች፤ ከዚህ የተነሣ አንዳንድ የአውሮፓ ተጓዦችና ጸሐፊዎች ገዥውን «ሱልጣን» አሉት። አጠራሩ አክብሮት ያለው ይመስላል። ይሁን እንጂ ገዥው ሙስሊም ስለሆነ ብቻ መንግሥቱን «ሰልጣኔት» ማለት ማዕረግን በሃይማኖት መተርጎም ነው። ዙፋኑ፣ የፈረስ ስሙ፣ ሞጋውና ኬላው ከጌራና ከሊሙ ጋር የሚጋራቸው የጊቤ ሥርዓት ናቸው እንጂ ከአውሳ ወይም ከሐረር የመጡ አይደሉም። «ኪንግደም» ይበቃል፤ ሞቲውንም ሳይተረጉሙ «ሞቲ» ብሎ መጻፍ ይቻላል።

ከባዱ ክፍል ከ1880ዎቹ በኋላ ያለው ነው። በ1882 በእምባቦ፣ ያው በጉዱሩ ምድር፣ የሸዋ ጦር የጎጃምን ጦር ሲያሸንፍ የጊቤ ነገሥታት ዕጣ ለየለት። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጦር ከመምዘዝ ይልቅ ግብር መክፈልን መረጡ፤ እንደ ጎረቤቶቻቸው ሳይፈርሱ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። እንዲያውም በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከፋ ላይ ሲዘምቱ የጅማ ጦር አብሮ ዘምቷል። ታዲያ ከዚያ በኋላ ያለው ጅማ «መንግሥት» ነው ወይስ የኢትዮጵያ ግዛት? አንዱን ብቻ መርጦ ሌላውን መካድ ፖለቲካ እንጂ ታሪክ አይሆንም። ሁለቱም ነበር፤ ንጉሥ ያለው፣ ለንጉሠ ነገሥት የሚገብር አገር። እንግሊዝኛው ለዚህ ቃል አያጥረውም፤ «ትሪቢውተሪ ኪንግደም» ብሎ ዓመቱን መጻፍ ይቻላል። የሚጎዳው ዓመት የሌለበት መግለጫ ነው። የጅሬንን ቤተ መንግሥት ያየ እንግዳ ከ1830 እስከ 1882 የነበረውን ነጻ አገርና ከዚያ እስከ 1932 የነበረውን ገባር አገር አንድ አድርጎ ከሄደ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

እንዲህ ያለ ጥያቄ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሳይቤሪያ ደቡብ፣ ከሞንጎሊያ ጋር የምትዋሰን ቱቫ የምትባል አገር ከ1921 እስከ 1944 ራሷን የቻለች ሪፐብሊክ ነበረች፤ እውቅና የሰጧት ግን ሶቭየት ኅብረትና ሞንጎሊያ ብቻ ናቸው። በመጀመሪያ «ታኑ ቱቫ» ተባለች፤ በ1926 «የቱቫ ሕዝባዊ ሪፐብሊክ» ሆነች፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በቻይናና በሩሲያ ዘመን «ኡሪያንኻይ» ትባል ነበር። በእንግሊዝኛ እስካሁን ድረስ አንዱ ይህን አንዱ ያን ይጽፋል፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ቴምብሮቿን የሚሰበስቡ ሰዎች ደግሞ «ታኑ ቱቫ»ን አልለቅም ብለዋል። ከእኛው ጋር የሚያመሳስላት ስሟን ለውጭው ዓለም ያስለመዱት ሊቃውንት ሳይሆኑ የሚላከው ዕቃ መሆኑ ነው፤ እነርሱን ቴምብሩ፣ እኛን ቡናው።

ቡናው እውነትም የራሱ ስም አለው። ለውጭ ገበያ የሚወጣውን 60 ኪሎ ጆንያ ተመልከቱ፤ በፀሐይ የደረቀው ያልታጠበ የጅማ ቡና በዓለም ገበያ ስሙ የሚጻፈው ከፊት «ዲ»፣ ከኋላ ብዙ ጊዜ «ኤች» ተጨምሮበት ነው። ነጋዴው አፉን ሞልቶ የቡናውን ደረጃ «ጅማ አምስት» ሲል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን የፈረንሳይኛ አጻጻፍ ውርስ ነው። ፈረንሳይኛ ብቻውን በ«ጄ» ጅን መጻፍ ስለማይችል «ዲ» ያስቀድማል፤ ጅቡቲም የተጻፈችው በዚሁ ሕግ ነው። ጣሊያኖቹ በተራቸው በ«ጂ» ጻፉት፤ በ1936 የያዙትን ደቡብ ምዕራብ ሲከፋፍሉ ጅማን የአንድ ሰፊ ግዛት ዋና ከተማ አደረጓት፤ የዘመኑ ካርታ ሁሉ በዚያው ፊደል ታተመ። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው ያንን ሲያነብ «ጊማ» ይለዋል። እንግዲህ ለታሪክ መጽሐፍ የቡና ጆንያም የጣሊያን ካርታም አርአያ አይሆኑም። በ«ጄ» ጀምሮ «ኤም»ን ሁለት አድርጎ መጻፍ ይሻላል፤ ኦሮምኛው በቁቤ ሲጻፍም «ኤም»ን የሚያጠብቀው በምክንያት ነው። «ኤም»ን አንድ ብቻ ያደረገ ሰው ለኦሮምኛ አንባቢ ጫት ጻፈለት። ጫት «ጅማ» ነው፣ ሳይጠብቅ ሲነበብ። ቡና አገር ሆና ጫት መባል ደግሞ ለጅማ ሰው በቀላሉ የሚዋጥ አይደለም። «አባ»ም በሁለት «ቢ» ቢጻፍ ለአነባበቡ ይቀርባል።

ጎረቤቶቿን ሳናይ ብናልፍ ዳሰሳው ይጎድላል፤ ከጅማ የከፋ የደረሰባቸው አሉና። የየም መንግሥት በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን የተጠራው ባለቤቶቹ በማይቀበሉት፣ በአማርኛ ጆሮ ወደ እንስሳ ስም በሚጠጋ መጠሪያ ነው። የውጭ ምሁሩ ሀንቲንግፎርድ በ1955 ያሳተመው የታወቀ ጥናት ርዕሱ ላይ ይህን ስም ከከፋ ጋር፣ ከዚያው ዘመን የኦሮሞ መጠሪያ ጋር ደርድሮ ይዞታል። ዛሬ በእንግሊዝኛ ስለዚያ አገር የሚጽፍ ሰው «የም» ማለት አለበት፤ የድሮውን መጥቀስ ካስፈለገው በጥቅስ ምልክት ውስጥ አንዴ ይጥቀስና ይለፍ። እዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም።

ሊሙ እናሪያ ደግሞ የተሻለ ዕድል ገጠማት። እናሪያ ከኦሮሞ መንግሥታት በፊት የነበረ የጥንት መንግሥት ነው፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመኑ የነአባ ባጊቦ አገር ግን ሌላ ነው። ጸሐፊዎች «ሊሙ እናሪያ» ብለው ሁለቱን ቃል ማጣመራቸው አሮጌውን ከአዲሱ ለየላቸው፤ ከ1825 እስከ 1861 የገዛውን አባ ባጊቦን ከመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ጋር የሚያምታታ የለም። ቅጥያ ምን እንደሚሠራ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። ጎማ፣ ጉማና ጌራ ስማቸው ለወረዳ ተርፏል፤ አጋሮ የሚሄድ ሰው ጎማ ወረዳ መግባቱን ያውቃል። በእንግሊዝኛ የሚያስቸግሩት ጎማና ጉማ ናቸው፤ በአንድ ፊደል ስለሚለያዩ የታይፕ ስሕተት አንዱን መንግሥት ለሌላው ይሰጣል።

የከፋ ነገር ግን አስገራሚ ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 ተያዙ፤ መንግሥታቸው ፈረሰ። ከነጻነት በኋላ በ1942 አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት ስትከፋፈል፣ ጅማ ዋና ከተማ የሆነችለት ጠቅላይ ግዛት «ከፋ» ተባለ። ለአሥርት ዓመታት የእንግሊዝኛ ካርታዎች ላይ ጅማ «በከፋ ውስጥ ያለች ከተማ» ነበረች። የዘመተው ስሙን አጣ፣ የተዘመተበት ስሙን ለዘማቹ ከተማ ሰጠ። ዛሬም አንዳንድ የውጭ ጽሑፍ አባ ጅፋርን «የከፋ ንጉሥ» የሚለው በዚህ ውዥንብር ነው። ከፋ ከፋ ነው፤ ከጎጀብ ወዲያ ያለ፣ ቦንጋን የያዘ የራሱ ታሪክ ያለው አገር።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው ሙሉ ስም «ኪንግደም ኦቭ ጅማ አባ ጅፋር» ይሁን፤ ከጎኑ 1830–1932 ይጻፍበት። ከዚያ በኋላ በዚያው ጽሑፍ ውስጥ «ጅማ» ብቻ ቢባል ማንም አይሳሳትም። «ጅማ ካካ» የድሮ ምንጭ ለሚያነብ ሰው አንድ ጊዜ ይጠቀስ። «ሰልጣኔት» ይቅር። «ጊቤ ስቴትስ» አምስቱም አንድ ላይ ሲነሡ ብቻ ይዋል። «ዲ» ያለበት አጻጻፍ ለቡና ላኪዎች ይተው፤ እነርሱ ደንበኛቸው የለመደውን ቢቀይሩ ገበያ ይጎዳቸዋል።

ረጅም ነው የሚል ይኖራል። ስሙ ለአፍ ከብዶ አያውቅም። ጅማ አባ ጅፋር የተባለው የእግር ኳስ ክለብ በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ሲያነሣና በቀጣዩ ዓመት ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከግብጹ አል አህሊ ጋር ሲጫወት፣ የውጭ ኮሜንታተሮች ሙሉውን ስም ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሲጠሩት ነበር። የካይሮ ጋዜጠኛ የቻለውን የእኛ ሙዚየምና የእኛ አስጎብኚ አያቅተውም።

በጅማ በእንግሊዝኛ የምትጽፉ፣ ከመመረቂያ ጽሑፍ እስከ ሆቴል በራሪ ወረቀት፣ አንድ ስም ምረጡና በእርሱ ጽኑ፤ ዓመቱን አትርሱ፤ «ኤም»ንም ሁለት አድርጓት።